ከመንኮራኩሩ ወዲያ

የእህቴ ልጅ ጊል፣ ለገና ሲመጣ፣
ከኪሱ እንደ ከረሜላ ፍላሽ አወጣ፤
«ላንቺ ነው አክስቴ፣ ዋጋ የለውም፣
ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቀኑም አያልፍም፤
ሠርተው ያደሉት ናቸው፣ የማያውቁሽ ሰዎች፣
በየአገሩ ሌሊት፣ እያመሹ ለሌሎች።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በቱና ጣሳ ፋብሪካ
ለእያንዳንዷ ሳንቲም ሒሳብ ስይዝ፣ ስለካ
የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ነፃ ያሉት ነገር ያስፈራኛል፤
ከኋላው ደረሰኝ የሚከተል ይመስለኛል።
አልተከተለም።

አሮጌው ኮምፒውተሬ፣ ማራገቢያው እያጓራ፣
ከመስኮቴ ማዶ ፒኮ የሚሉት ተራራ
ጉም ተከናንቦ ሳለ፣ ሳጥን ሳጥን ዘረጋ፦
«ስም?» አለኝ፣ ጻፍኩ። «የልደት ቀን?» ጻፍኩ። ሌሊቱ ነጋ።

አባቴ፣ ዓሣ ነባሪ ጠባቂ፣ በዓለት ላይ ሆኖ
ባሕር ሲያይ የኖረ፣ ሽፋሽፍቱ በጨው ተሸፍኖ፤
አባቱ፤ የአባቱ አባት፤ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ
በፎቶ አጉልቼ፣ የቄሱን ሙጭርጭር ሳነብ።
አንዳንዴ ይቆጣል ፕሮግራሙ፣ ቢጫ ምልክት ያቆማል፦
«እናት በዘጠኝ ዓመቷ ወለደች፤ ይህ ይሆናል?»
አይሆንም፣ ጌታው፤ ሰባቱን አንድ ብዬ ነው፤
የሞተው ቄስ ብዕር ነው ጥፋተኛው።
አንድ ማታ በዐውሎ ነፋስ መብራት ሄዶ፣ ሠላሳ ሰው ሞተብኝ፣
ሳላስቀምጣቸው፤ በማግሥቱ እንደገና ወለድኩ፣ ወገቤን እስኪያመኝ።

እንዲህ እየወረድኩ፣ ቤት እየቆጠርኩ ሄጄ
አምስተኛው ላይ ቆምኩ፣ በባዶ ሳጥን ተይዤ፦
ሩፊና። ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ኅዳር።
አባት፣ የለም። እናት፣ የለም። ቄሱ በገጹ ዳር
«በመንኮራኩሩ የተገኘች» ብሎ ጽፎላታል፤
ግማሽ ሰማያዊ ጥብጣብ ክንዷ ላይ ታስሯል።

በገዳሙ ግንብ ውስጥ እንደ በርሜል የሚዞር
እንጨት ነበር ያኔ፤ ሌሊት፣ ሰው ሲሰወር፣
ደወል ተደውሎ ሕፃን ወደ ውስጥ ይዞራል፤
የሰጠ ፊት የለውም፤ የተቀበለ እጅ ይኖረዋል።

ፕሮግራሙ «ያልታወቀ» ብሎ በግራጫ ጻፈ።
ሦስት ሌሊት አፍጥጬበት እንቅልፌ ተገፈፈ።
ሰው እንዴት ከግራጫ ይወለዳል?

በአራተኛው፣ እንዲያው ማውጫውን ስነካካ፣
«የዝምድና ዓይነት» የሚል ዝርዝር ኖሯል ለካ፦
የወለደ፣ ያሳደገ፣ የእንጀራ፣ ሌላም።
እነዚያ የማላውቃቸው፣ ሲያመሹ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ስም፣
ለሩፊና በር ትተዋል።

ኢስኮላስቲካ ትባላለች፣ የመንኮራኩሩ ጠባቂ፣
የደወሉን ድምፅ በእንቅልፏም ለይታ አዋቂ፤
በእርሷ አያያዝኳት። «አሳዳጊ» የሚለውን መረጥኩ።
ከዚያ ግን አላቆምኩም፤ የሴትዮዋን መዝገብ ገለጥኩ፦
ስልሳ ሦስት ሕፃን። አንዱ በጨው ከረጢት፣
አንዷ የካርታ ቅዳጅ አንገቷ ላይ ታስሮላት፣
አንዱ ስም እንኳ ሳይደርሰው ያው ዕለት ያለፈ።
ሁሉንም አስገባሁ። ዛፌ ከስክሪኑ ተረፈ፤
ሥር አልነበረውም፤ እንደ አጥር ላይ ሐረግ
ወደ ጎን ብቻ ሄደ፣ የሰው ጓሮ ሲፈልግ።
ገበያ ስወጣ አሁን የሰው ጆሮ አያለሁ፤
ዓሣ ሻጯን፣ ፖስተኛውን፣ «የኔ ይሆኑ?» እላለሁ።

ሐረጉ ሲሄድ ሲሄድ፣ ከዣኑዋሪዮ ግንብ ደረሰ፤
በጎርፍ ቦይ ተጣልተን፣ ሰላምታችን ከፈረሰ
አሥራ አንድ ዓመት።
የአያቱ አያት ዳሚያዎ፣ ከሩፊና በአራት ሌሊት
ቀድሞ የገባ ነው፣ በዚያው እንጨት፣ በዚያችው እጅ፣ በዚያው ቤት።
ክንዱ ላይ፣ ይላል መዝገቡ፣ ጥብጣብ ነበረ፤ ቀለሙን
የጻፈበትን መስመር ውሃ በልቶታል። አልልም «ሌላው ግማሹን»።
አላውቅም።

ትናንት በግንቡ ላይ ጠራሁት። ቦቲውን ደጅ አውልቆ
ገባ፣ እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ ተሸማቅቆ።
ስሙን አየ፣ ከስሜ ጋር በአንድ ቀጭን መስመር።
ዝም አለ። ማራገቢያው ብቻ ነበር የሚናገር።
ልዘጋው ስል፣ እንደ ልማዱ፣ ትንሽ መስኮት ጠየቀ፦
«ለውጥ አለ። ይቀመጥ? ወይስ ይቅር?» እጄ ማውሱ ላይ ደረቀ።

ይቀመጥ፤ ወንበር ሳብኩለት።
የቦዩ ነገር፣ ይቅር።